ስማቸው የጠፋ ውጤቶች

ጥቅምት 4 ቀን

ለፈጣኑ፣

ደብዳቤህን የአውቶቡሱ ሾፌር ትናንት ከምሳ በኋላ ሱቁ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። «ከሆስፒታል ነው» ሲለኝ እጄን ለመዘርጋት ዘገየሁ። ሰውየው የታመመ ዘመድ ያለኝ መስሎት «እግዜር ይማርልሽ» ብሎኝ ሄደ። አሜን አልኩት። ምን ልበለው?

ስለ ጤናዬ ጠይቀሃል፤ ደህና ነኝ። ስለ ሥራዬ ጠይቀሃል፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ተከራይቼ የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት እቀይራለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታል ኮምፒውተር ክፍል ለመራች ሴት ቀላል ሥራ ነው፤ ሰው አይሞትበትም። እናቴን ሰላም እንድልልህ ለምነሃል፤ አላልኳትም። ማን እንደሆንክ ስለምታውቅ ነው ያላልኳት።

ዓመት ከመንፈቅ ዝም ብለህ ከርመህ አንድ ገጽ ሙሉ ሰላምታ ስትጽፍ፣ ሰላምታው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሁለተኛውን ገጽ መገልበጥ ብቻ ነው የበቃኝ። የላብራቶሪው ኮምፒውተር ቆመ፣ እኔም ትዝ አልኩህ።

ስልክህን ለምን እንደማላነሳ ጠይቀሃል። በስልክ ያላልኩትን «ብላኛለች» ተብሎ ተፈርሞብኛል። ከእንግዲህ ከኔ የምትፈልገው ነገር ካለ በወረቀት ጻፍ።

አሁን ወደ ማሽኑ። «ጆርናሉ ተቋርጧል፣ ከዚህ በኋላ ማንበብ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ወጣ ብለሃል። የተቀጠርክ ቀን ያልኩህን ልድገምልህ፤ ያን ቀን እየጻፍክ ነበር፣ ማስታወሻህን ግን የት እንዳደረስከው አላውቅም። ማሽኑ ዲስኩ ላይ አንዳች ነገር ከማስፈሩ በፊት «ይህን ልጽፍ ነው» ብሎ ጆርናሉ ላይ ይመዘግባል። መብራት ድንገት ቢጠፋ፣ ሲመለስ ጆርናሉን አንብቦ የጀመረውን ይጨርሳል ወይ ይተወዋል። ጆርናሉ ራሱ ላይ መጻፍ ሲያቅተው ግን እጁን ይሰበስባል። «አነብላችኋለሁ እንጂ ከዚህ ወዲያ አልጽፍም» ይላል። ያለውን እንዳያበላሽ ነው። እንደዚያ የሚያስብ ሰው እናንተ ዘንድ ቢኖር ኖሮ ዛሬ እኔ የስልክ መስታወት አልቀይርም ነበር።

እያጠፋህ እያበራህ አትሞክር። ማሽኑ ራሱን እንዲጠግን የሚያዘውን የጥገና ትዕዛዝ በጣትህ ጫፍ እንዳትነካው። ከዲስኩ የሚበልጥ ባዶ ዲስክ ፈልግና ሙሉውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገልብጥ፤ የማይነበበውን እየዘለለ የሚገለብጠውን ፕሮግራም ታውቀዋለህ። ከዚያ በኋላ የሚነካው ቅጂው ብቻ ነው። ዋናው ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይቆለፍበት።

እስከዚያ ድረስ ይህን መልስልኝ። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና ምን ይላል? የመጨረሻው መጠባበቂያ የተወሰደው መቼ ነው? መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚይዘው ባትሪ የት ነው ያለው?

ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ እሱ ስለ ማሽኑ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሰኔ 11 ቀን፣ እኔ ባዶ ዲስክ ልገዛ ወጥቼ ሳለ የጥገናውን ትዕዛዝ የሰጠው ማነው?

የምረዳህ ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ኮሪደሩ ላይ ውጤታቸውን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

የቀድሞ አለቃህ


ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ። መልስ ይሰጡኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ከወንበሬ ተነሳሁ ብልዎት አያምኑኝም፤ እንዳያምኑኝ ያደረግኩት ራሴ ስለሆንኩ አልቀየምም።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። ዲስኩ ከሺህ በላይ የሞቱ ቦታዎች አሉብኝ ይላል፤ ትናንት ስምንት መቶ ነበር፣ ዛሬ ሺህ አለፈ። መጠባበቂያው የቆመው መጋቢት ላይ ነው። የመጠባበቂያው ዲስክ ሞልቶ በየጠዋቱ «ቦታ የለም» የሚል መልእክት ይመጣ ነበር። እኔ በየጠዋቱ እዘጋው ነበር። ይህን ስጽፍልዎ አፈርኩ፤ እርስዎ ቢሆኑ በሁለተኛው ቀን አዲስ ዲስክ ካልተገዛ ብለው በሩን ይዘጉ እንደነበር አውቃለሁ። ባትሪው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው፤ የቴሌቪዥናቸውን መስመር ይዟል። ያኔም እዚያው ነበር፤ አልተመለሰም።

መገልበጡን ጀምሬያለሁ፤ ግን ስልሳ አንድ በመቶ ላይ ደርሶ ቆመ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እዚያው ነው። ላቋርጠው ወይስ ልተወው? ሥራ አስኪያጁ በቀን ሦስቴ ይመጣሉ። ዛሬም በሩ ላይ ቆመው «ገና ነው?» አሉኝ።

«ገና ነው ጌታዬ፣ እየገለበጥኩ ነው።»

«ያን ጊዜ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስነስተኸው የለም እንዴ? አሁን ምን ነካህ?»

ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሰሙን። አንዲት ሴትዮ ልጃቸውን ታቅፈው በየቀኑ ይመጣሉ፤ የኔን ፊት አይተው ይመለሳሉ።

ልጄ እግር አውጥታለች። ነገሩን አለቦታው ማምጣቴ ነው መሰል፣ ግን ለማን ልንገር?

መጨረሻ ላይ የጠየቁኝን በሌላ ደብዳቤ እመልሳለሁ። ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አክባሪዎ


ጥቅምት 8 ቀን

ለፈጣኑ፣

አታቋርጠው። አልቆመም፤ የማይነበበውን ቦታ ደጋግሞ እያንኳኳ ነው። ካቃተው ዘሎት ይሄዳል፣ በኋላም ተመልሶ ይሞክረዋል። ሁለት ቀንም ይፍጅ፣ አራት ቀንም ይፍጅ፣ ወንበር ስበህ ቁጭ በል። እስከዚያ ላብራቶሪው በወረቀት ይሥራ። የናሙና መዝገቡ በወረቀት እንዲቀጥል ስታገል «ኋላ ቀር» ያላችሁኝ ትዝ ይልሃል? የናሙናውን ቁጥርና የሰውየውን ስም ጎን ለጎን የያዘው እሱ ብቻ ነው። በእሱ ሥሩ።

ግልበጣው ሲያልቅ ቅጂው ላይ ምርመራውን «ምንም አትንካ» በሚለው አኳኋን አስኪድ። ለሚመጣው የጥገና ጥያቄ ሁሉ «አይ» እያለ ዝም ብሎ ያይና ስንት ስህተት እንዳለ ይነግርሃል። ውጤቱን ጽፈህ ላክልኝ። ጥገናውን ቀጥሎ እናስብበታለን። የጥገና ፕሮግራም ዲስኩ ከራሱ ጋር እንዲስማማ እንጂ የሰው ውጤት እንዲተርፍ አይጨነቅም፤ ያልገጠመለትን ቆርጦ ይጥላል። እኔን ያባረረኝ ኮሚቴም እንደሱ ነው የሠራው።

«በሌላ ደብዳቤ እመልሳለሁ» አልከኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ረስተኸው ከሆነ እኔ ላስታውስህ።

ሰኔ 11 ቀን ጠዋት መብራት ሄደ፣ ባትሪ የለም፣ ማሽኑ ወደቀ። ሲነሳ ልክ እንደ ዛሬው «ማንበብ ብቻ» አለ። «ማንም እንዳይነካው፣ ዲስክ ገዝቼ መጣሁ» ብዬህ ወጣሁ። ሦስት ሱቅ ዞሬ፣ በአራተኛው አግኝቼ፣ በፌስታል ይዤ ስመለስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጥገናው ተሠርቶ አልቋል። ለሁሉም ጥያቄ «አዎ» ተብሎለት፣ ሦስት ሺህ የምርመራ ውጤት ስሙ ተገፎ «ጠፍቶ የተገኘ» የሚለው ማህደር ውስጥ ተከምሯል። የበሽተኛው ስም የነበረው የፋይሉ ስም ላይ ነው፤ ውስጡ ያለው የናሙና ቁጥር ብቻ። ከወረቀቱ መዝገብ ጋር አንድ በአንድ ለማመሳከር ሦስት ሳምንት ጠየቅኩ። ሥራ አስኪያጁ «ሁለት ቀን» አለ። እንቢ ስል «የዓመት እረፍትሽን ውሰጂ» ብሎ ቁልፉን ተቀበለኝ።

አንተ በሁለት ቀን ጨረስከው። ፋይሎቹን በቀናቸው ደርድረህ፣ የበሽተኞቹን ዝርዝር ጎናቸው ደርድረህ፣ ስሙን በተራ አለበስካቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንድ በሽተኛ በሁለት ፋይል የተቀመጠ ሁለት ገጽ ውጤት ነበረው፤ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ተንሸራተተ። በዚያ ሳምንት ውጤት የሚጠብቁት ሃያ ስድስት ነበሩ። ሃያ አራቱን ዕድል አወጣቸው፤ ወይ የጎረቤታቸው ውጤት ከራሳቸው ጋር አንድ ሆነ፣ ወይ ሐኪሙ ተጠራጥሮ ድጋሚ አስመረመራቸው። ሁለቱን አላወጣቸውም። አንገቷ ላይ እጢ የወጣባት ልብስ ሰፊ ከእሷ ፊት የነበረውን ሰው ንጹህ ውጤት ወስዳ ወደ ቤቷ ሄደች። የእሷ ውጤት ከኋላዋ ለነበረው ባለ ታክሲ ደረሰው። እሱ ሰባት ወር የቀዶ ጥገና ተራ ጠብቆ፣ ቀዶ ጥገናው ሊጀመር ሲል እንደገና ቢያዩት ምንም የለበትም። ያኔ «ታዲያ ይሄ የማነው?» ተባለ። ልብስ ሰፊዋ ስትፈለግ ድምጿ ተዘግቶ፣ መዋጥ አቅቷት አገኟት። ሚያዝያ ላይ ሞተች።

ግንቦት ላይ ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። አንተ በረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጠሃል። ጽሑፍህን አነበቡልኝ፦ «የጥገናውን ትዕዛዝ የሰጠችው እሷ ናት። ስሞቹን በተራ እንድመልስም በስልክ ያዘዘችኝ እሷ ናት።» «ትክክል ነው?» ሲሉኝ አንተን አየሁህ። አንተ ጠረጴዛውን አየህ።

ከዚያ በኋላ የልብስ ሰፊዋ ባል በየእሁዱ በሬ ላይ ይቆም ጀመር። አናጺ ነው፤ እጆቹ ትልልቅ ናቸው። አይሳደብም፣ አያንኳኳም፤ ቆሞ ቆሞ ይሄዳል። በዘጠነኛው እሁድ ከተማውን ለቅቄ ወጣሁ።

የጥያቄዬን መልስ አሁንም እየጠበቅኩ ነው።


ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

መገልበጡ አለቀ። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ተነቧል። «አትንካ» በሚለው አስኬድኩት፤ አራት ሺህ አካባቢ ስህተት ይላል፣ ዝርዝሩን በሌላ ወረቀት አያይዤዋለሁ። ዋናው ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ ከሁለት እንግዶች ጋር መጡ። «ጥገናውን ስጠውና ይነሳ» አሉኝ በእንግዶቹ ፊት። «አይሆንም፣ ቅጂው ገና አልተጠናም» አልኳቸው። «ማነው አይሆንም ያለው?» አሉ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ በፊት ለእሳቸው እንዲህ ብዬ አላውቅም። እንግዶቹ ሲወጡ ተመልሰው መጥተው «ከሰኞ ጀምሮ ካርድ ክፍል ትሠራለህ» አሉኝ።

እትዬ፣ የጠየቁኝን ልመልስ። እኔ ነኝ። እርስዎ በወጡ በሰዓቱ ሥራ አስኪያጁ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። «እሷ እስክትመለስ ነገ ይሆናል፤ አንተ አትችልም እንዴ?» አሉኝ። እችላለሁ ማለት ፈለግኩ። እርስዎ ፈጣኑ ያሉኝ እንደ ምስጋና ነበር የሚመስለኝ። ጥያቄዎቹን ማንበብ ጀምሬ ነበር፣ ግን ማለቂያ የላቸውም፤ ለሁሉም «አዎ» የሚለውን ሰጠሁት። በአሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወጡ።

በስልክ አዛኛለች ያልኩት ውሸት ነው። ጽሑፉን ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯ ላይ ነበረች፣ ደም ይፈስሳት ነበር፣ «ወይ ትፈርማለህ ወይ ነገ እንዳትመጣ» አሉኝ። አዘውኝ ነው እንጂ በገዛ እጄ እርስዎን…

ይህን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተኝ።


ጥቅምት 14 ቀን

ለፈጣኑ፣

ስህተቶቹን አየኋቸው። ይድናል፤ ሁሉም አይደለም፣ የሚበዛው።

በጎን ባያያዝከው ብጣሽ ወረቀት መቼ እንዳወቅኩ ጠይቀሃል። ያን ዕለት ዲስኩን በፌስታል ይዤ በሩን ስከፍት ነው ያወቅኩት። የይለፍ ቃሉ ያለው በኔና ባንተ እጅ ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር ለማጥፋት ገመዱን የሚነቅል ሰው ነው። ደግሞ ቀና ብለህ ሳታየኝ «ቶሎ መጡ እትዬ» አልከኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆይቼ መምጣቴ ነበር።

ታዲያ ኮሚቴው ፊት ለምን ዝም አሉ ትል ይሆናል። እናቴም በየቀኑ ትጠይቀኛለች። «እሱ ነው» ማለት አንድ ቃል ነበር። ግን እኔ ነኝ ያስተማርኩህ፤ አፍህን ከፍተህ ራስህ እንድትናገር ጠበቅኩህ። ጽሑፉን አንብበው ሲጨርሱ ጠበቅኩ፣ ፊርማውን ሲያሳዩኝ ጠበቅኩ፣ «የምትጨምሩት አለ?» ብለው ሲዞሩም አንተን ጠበቅኩ። ሰብሳቢው ብዕሩን ከደነ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ መባረሬ እንዳይመስልህ፤ ያን ያህል መጠበቄ ነው።

የባለቤትህን ሕመም አውቅ ነበር። ከሐኪሟ ጋር ያገናኘኋችሁ እኔ ነኝ። ብትነግረኝ ኖሮ አብረን መላ እንፈልግ ነበር። «አዘውኝ ነው» የምትለውን ቃል ግን ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ። እሱ ከኋላህ ቆሞ ነበር። ቁልፉ ላይ የነበሩት ጣቶች ያንተ ናቸው።

አሁን ሥራ። ካርድ ክፍል ከገባህ ማሽኑን ለማንም እንዳታስረክብ። ቅጂውን እንደገና ገልብጥና ሁለተኛውን ቅጂ ላክልኝ፤ ጥገናውን እዚህ እሠራዋለሁ። የናሙና መዝገቡንም ከመጋቢት ጀምሮ፣ የዚያን ሰኔንም ገጾች ጨምረህ፣ ፎቶ ኮፒ አድርገህ ላክ። የሰው ምስጢር ነውና የላብራቶሪው ኃላፊ በጽሑፍ ይፍቀድ፤ ካልፈቀደ አላየውም። በዚያው ብጣሽ ወረቀት «ጠፍቶ የተገኘ» የሚለው የድሮው ማህደር አልተሰረዘም ብለሃል። እሱንም እንዳለ ተወው፤ ከቅጂው ጋር ይመጣልኛል፤ አንዲት ፋይል እንዳትነካ።


ጥቅምት 21 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

ዲስኩን በሦስት ፎጣ ጠቅልዬ ለሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ፤ እግሩ ሥር እንዲያስቀምጠው ለምኜዋለሁ። የመዝገቡ ፎቶ ኮፒ መቶ አርባ ገጽ ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ ሳያመነታ ፈረመ። «ለእሷ ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ» ነው ያለው። ይህን ያህል የሚያምንዎ ሰው ያኔ የት ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው እኔስ የት ነበርኩ አልኩ።

ካርድ ክፍል ምን እንደምሠራ ልንገርዎ። ከጠዋት እስከ ማታ መሰላል ላይ ወጥቼ የወረቀት ካርድ አወርዳለሁ፣ መልሼ እሰቅላለሁ። አቧራው ያሳልሰኛል። ሰው ቁጥሩን ሲነግረኝ ስሙን እጠይቃለሁ፣ የእናቱን ስም እጠይቃለሁ፣ ዕድሜውን እጠይቃለሁ። «ይሄ ልጅ መርማሪ ነው እንዴ?» ይሉኛል።

ለኮሚቴው ጻፍኩ። ሁሉንም፤ ሰዓቱን፣ ትዕዛዙን፣ የፈረምኩት ውሸት መሆኑን። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ፤ ሁለት መስመር ነው። «ጉዳዩ ውሳኔ አግኝቶ የተዘጋ በመሆኑ እንደገና የሚታይበት ምክንያት የለም። አቤቱታዎ ከግል ማህደርዎ ጋር ተያይዟል።» ሥራ አስኪያጁ በኮሪደር ሲያልፉ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ፣ ለማንም እንዳልሆነ ሁሉ።

ለባለቤቴም ነገርኳት። ልጅቷን አቅፋ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ «በኔ ሆድ ነው የማልከው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከሚያስፈልገው በላይ አታናግረኝም።

እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ ለማለት ቃል ፈልጌ ነበር። ካገኘሁ እጽፋለሁ።


ኅዳር 5 ቀን

ለፈጣኑ፣

ዲስኩ ደህና ገባ። መልሼ በዚያው ሾፌር ልኬዋለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። አሥር ቀን ፈጅቶብኛል። ከጥገናው በኋላ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሦስት ፋይል ስሙን አጥቶ ወጣ። እናቴ ከመዝገቡ ላይ የናሙናውን ቁጥርና ስሙን ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ፋይሉን ከፍቼ እፈልጋለሁ፣ ሁለታችን «አዎ» ካላልን ስም አንሰጠውም። ስምንት መቶ ሰባ ሁለቱ ስማቸው ተመልሷል። አርባ አንዱ አይነበቡም፤ የሞተው ቦታ ላይ ወድቀዋል። የእነሱን ዝርዝር በቀይ ጽፌዋለሁ። አርባ አንዱም ተጠርተው ናሙና እንደገና ይስጡ። አንተ ደውልላቸው፤ «ውጤትዎ ጠፍቶብናል» በል። «ዘግይቷል» እንዳትል።

ማሽኑ ያለ ባትሪ እንዳይነሳ ለላብራቶሪው ኃላፊ ለብቻው ጽፌለታለሁ።

ይቅርታን በተመለከተ ጠይቀኸኛል። የለኝም። ልዋሽህ አልፈልግም፤ ፈልጌ አጣሁት። ለኮሚቴው መጻፍህን ሰምቻለሁ፣ ዋጋ እንዳስከፈለህም አይቻለሁ። ግን ኮሚቴው የሞተበት ሰው የለም።

ስለዚህ የቀረውን ልንገርህ። አዲሱን ስጨርስ የድሮውን ማህደር ከፈትኩ። ልብስ ሰፊዋን ለመፈለግ ግማሽ ቀን በቃኝ። ስሙን አልብሰህ ያደልከውን ሥራ አስኪያጁ አስጠፍቶታል፤ ዋናው ግን በቁጥሩ እዚያው ተቀምጧል። ቀኑ ሰኔ 2 ነው፤ ማሽኑ ከመውደቁ ከዘጠኝ ቀን በፊት። ሦስት መስመር ነው። እጢው ትንሽ ነው፣ ከቦታው አልወጣም፣ ቶሎ ይውጣ ይላል።

ለአናጺው ጻፍኩለት። እውነቱን ከነስምህ ጻፍኩለት። ትናንት መጣ።

ፀጉሩ ነጥቷል። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ፤ አሁንም ቁጭ አላለም። ወረቀቱን ሰጠሁት።

«አንብቢልኝ» አለኝ።

ማንበብ ይችላል፤ ያኔ የኮሚቴውን ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ቆሞ ሲያነብ አይቼዋለሁ። አነበብኩለት። ከኋላችን ሰው የልጁን ሰርተፍኬት ፎቶ ኮፒ ያስነሳ ነበር፤ ማሽኑ ሲጨርስ ጠየቀኝ።

«ትንሽ ነው ይላል?»

«ይላል።»

«ቶሎ ይውጣ ይላል?»

«ይላል።»

«እኔ በርሽ ላይ ስቆም ይህን ሁሉ ታውቂ ነበር?»

«ውጤቱን አላየሁትም ነበር። ማን እንዳደረገው ግን አውቅ ነበር።»

«ለምን ወጥተሽ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ያምኑኝ ነበር?»

አሰበ። «አላምንሽም ነበር» አለ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። የጠረጴዛዬ እግር እንደሚነቃነቅ አይቶ ኖሮ ጎንበስ ብሎ በእጁ ሞከረው፤ ወዲያው ግን ተወውና ቀና አለ።

«በጊዜው ቢነገራት ትተርፍ ነበር?» አለኝ።

ፈጣኑ፣ ለዚህ ጥያቄ እኔ አልመለስኩም። ሐኪም አይደለሁም ማለት እችል ነበር። እግዜር ነው የሚያውቀው ማለትም እችል ነበር። ሦስቱን መስመር ሁለታችንም አንብበናል። «ይህን የሚጠየቀው እኔ አይደለሁም» አልኩት። «የት ነው ያለው?» አለኝ። ካርድ ክፍል፣ ከዋናው በር ገባ ብሎ በስተግራ፣ ሁለተኛው መስኮት አልኩት። ደጋግሞ በቃሉ ያዘው።

እዚህ ዘመዱ ዘንድ ቆይቶ ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ ይመጣል። ይህ ደብዳቤ አንድ ቀን ይቀድመዋል። እንድትዘጋጅ ብዬ አይደለም የላክሁት፤ የዚያን ቀን ፈቃድ ወስደህ እንዳትቀር ነው። ሥራ አስኪያጁን አትጥራለት፣ ባለቤትህን አታንሳለት፣ እኔንም አታንሳ። መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፣ ሰው ከታች ነው የሚያናግርህ፤ ከመሰላሉ ወርደህ ወደ ውጭ ውጣለት። ጥያቄውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠይቅህ። መልሱን ታውቀዋለህ።

ከዚህ በኋላ አትጻፍልኝ።